የድንቢጥ ብር ምንድን ነው?

በልደታ ሰፈር የሚኖር ሰው ማለዳ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር የምትንጫጫውን ትንሽ ወፍ ሳይሰማ ወደ ሥራው አይሄድም። ስሟን ብትጠይቁት ያለ ማመንታት «ድንቢጥ ናት» ይላችኋል። ይህ ስም በጠባቡ ሲወሰድ ከሰው ቤት አጠገብ የምትኖረውን፥ ራሷ ግራጫ ጀርባዋም ቡናማ የሆነችውን ወፍ ያመለክታል፤ በሰፊው ሲነገር ግን ጥቃቅኑን የወፍ ወገን ሁሉ ያጠቃልላል። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1831 እስከ 1833 ሰሜን ኢትዮጵያን ጐብኝቶ ከተመለሰ በኋላ፥ በ1840 ይህችን ወፍ ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ ዊልያም ስዌንሰን በተባለ እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ስም ሰየማት። ያገራችን ሰው ግን ስም በማውጣት ብቻ ሳይወሰን ምሳሌ አድርጓታል፤ ይኸውም «ድንቢጥ እንደ አቅሟ በብር ትታገማለች» የሚለው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሐዘን ለደረሰበት ባልደረባችን መዋጮ ሲሰበሰብ፥ አንድ ሽማግሌ ተላላኪ ከደመወዛቸው ያወጡትን ጥቂት ገንዘብ አቀረቡ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ይህንኑ ምሳሌ ጠቅሶ ቢቀልድ ሳቅን፤ እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ። ሽማግሌው ግን ሳይቈጡ፥ «ልጆቼ፥ የድንቢጥ ብር ገንዘብ መሰላችሁን? አገዳ ነው እኮ!» ብለውን ወጡ።

እውነታቸውን ነበር። በምሳሌው ውስጥ ያለው ቃል ሲጻፍ «ብርዕ» ነው። ብርዕ በግዕዝ ሸምበቆ፥ መቃ፥ አገዳ ማለት ነው። መታገምም የታወቀ ያገር ሕክምና ነው፤ አጋሚው ቆዳውን በጥቂቱ በጥቶ በላዩ ቀንድ ይደፋበትና ደሙን ይስባል። ለሰው የሚበቃው ቀንድ ግን ለድንቢጥ ከመላ አካሏ ይበልጣል። ስለዚህ እርሷ ቀንድ አጣሁ ብላ ሕክምናውን አልተወችም፤ ከአቅሟ በላይ የሆነውንም አልተመኘችም፤ በቀጭን አገዳ ታገመች።

ታዲያ ትርጓሜው እንዴት ተሰወረብን ቢባል፥ ምክንያቱ ሌላው «ብር» ስለ ገነነ ነው። ብር አስቀድሞ የማዕድኑ ስም ነበር፤ ቀጥሎ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር በገበያ ሁሉ ተዘዋወረ፤ ከሐምሌ 1937 ዓ.ም. ጀምሮም አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በዚሁ ስም ወጣ። የሁለቱ ቃላት ድምፅ በአማርኛ አንድ ስለ ሆነ፥ የከተማ ጆሮ አገዳውን ረስቶ ገንዘቡን ብቻ ሰማ።

ይህ የቃል ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድሁም ነበር። ነገር ግን ቃሉ ሲለወጥ ምክሩ ተገለበጠ። ብሩ ገንዘብ ነው ካልን፥ ድንቢጥ ትንሽነቷን ረስታ ከትልልቆቹ ጋር የምትፎካከር መሳቂያ ትሆናለች። ብርዕ መሆኑን ካወቅን ግን በአቅሟ የምትሠራ ብልህ ትሆናለች፤ ትንሽ መሆኗ ከሚገባት ነገር አላስቀራትም። የሽማግሌውም መዋጮ እንዲሁ ነበር፤ እኛ መሳለቂያ አድርገን የወረወርነው ምሳሌ በእውነቱ ምስጋናቸው ነበር።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልጨምር። የጥንት ጸሐፍት ብራና የሚጽፉበትን የመቃ ቅርፅ ብርዕ ይሉት ነበር፤ ዛሬ «ብዕር» የምንለው ፊደሉ ተዛውሮ ያው ቃል ነው። እንግዲህ በብዕር የምንተዳደር የመሥሪያ ቤት ሰዎች ሁሉ በእጃችን የያዝነው የድንቢጥን አገዳ ነውና፥ ወደ ፊት በትንሹ ሰጪ ከመሳቃችን በፊት እርሱን እናስታውስ።