ስለ ጳጳሱ ስለ አባ ያዕቆብና ስለ ሸዋ ንቡራነ እድ

በቀድሞ ዘመን ለኢትዮጵያ ጳጳስ የሚመጣላት ከግብፅ ነበረ፤ ከሀገሯ ሊቃውንት እንዳትሾም የሚከለክለውም ሥርዓት በፍትሐ ነገሥት ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ የእስክንድርያው ፓትርያርክ አንዱን መነኵሴ ከገዳሙ አውጥቶ በሾመው ጊዜ፥ ያ ሰው ቋንቋውን ወደማያውቀው ሕዝብ ይሄድ ነበረ፤ የሚቀበረውም አብዛኛውን ጊዜ በተሾመበት አገር ነው። አባ ያዕቆብ ግን ወደ ሀገራቸው ተመልሰዋል፤ የተመለሱበትም ምክንያት የሚያስከብራቸው እንጂ የሚያሳፍራቸው አይደለም።

አባ ያዕቆብ የመጡት በ1330 ዓ.ም. ገደማ፥ በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ነው። ንጉሡ ከደብረ ሲና በታች ያለውን የኢፋትን ቈላ ወግተው አስገብረው ነበረ፤ ጦር ያቀናውን አገር ሁሉ የሚያስተምር ካህን ግን አልተገኘም። ሜዳው ሰፊ፥ ጳጳሱ አንድ፥ ያውም እንግዳ፤ ምን ይበቃል? አባ ያዕቆብም ይህን አይተው ከደብረ አስቦው መምህር ከአባ ፊልጶስ ጋራ መከሩ። ደብረ አስቦ ኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለው፥ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገዳም ነው። ሸዋንና አዋሳኙንም ከፍለው ለዐሥራ ሁለት መነኮሳት ሰጡ፤ እነርሱም ንቡራነ እድ ተባሉ። አባ አድኃኒ ዳሞትን፥ አባ አኖሬዎስ ወረብን፥ አባ ታዴዎስ ጽላልሽን፥ አባ ማትያስ ፈጠጋርን ያዙ፤ የሁሉም አለቃ አባ ፊልጶስ ሆኑ። ክህነት መስጠት የጳጳሱ ብቻ ሥልጣን ነው፤ ማስተማሩና ሕዝቡን ማጽናቱ ግን ቋንቋውንና መንገዱን በሚያውቁት በሀገሩ ልጆች እጅ ገባ። ከአባ ያዕቆብ ሥራ ሁሉ ብልህነት የታየበት ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ ጳጳሱና መምህሩ በንጉሡ ፊት አብረው ቆሙ፤ የክርስቲያን ንጉሥ በአንዲት ሚስት ይወሰን ዘንድ ሕጉን ነገሩ። ለእንግዳው ጳጳስ ዝምታ በቀለለው ነበረ፤ አላወቀም ቢባል ማን ይወቅሰዋል? ንጉሡም ተቈጡ፤ መነኮሳቱ ተገረፉ፥ ተጋዙ፤ ጠቡም እስከ ልጃቸው እስከ ዐፄ ሰይፈ አርዕድ ዘመን ዘለቀ። አባ ያዕቆብ ወደ ግብፅ ተሰደዱ። የተጋዙት መነኮሳት በየደረሱበት እያስተማሩ ስለ ኖሩ፥ ዝም ይበሉ ተብለው የተበተኑት ድምፃቸው ወደ ሩቅ አገር ደረሰ። አባ ፊልጶስ በስደት ዐረፉ፤ ዐፅማቸውም ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ ወደ ገዳማቸው ገባ። በአባ ያዕቆብም ወንበር በ1340 ዓ.ም. ገደማ ሌላው ግብፃዊ መነኵሴ፥ መተርጕም የተባሉት አባ ሰላማ መጥተው ተቀመጡ።