ሰዎቹ ተባረሩ፣ ሰሪዱ ቀረ

ፖርቱጋል የሄደ እንግዳ፣ በደቡቡ አለንቴዡ አካባቢ «አሶርዳ» ይቀርብለታል። ነጭ ሽንኩርትና የድንብላል ቅጠል ከጨው ጋር ተወቅጦ የወይራ ዘይትና የፈላ ውሃ ይጨመርበታል፤ የደረቀ ዳቦ ይገባበትና ከላይ እንቁላል ይደረጋል። እኛ ብናየው ፍትፍት ነው የምንለው።

ስሙ ዐረብኛ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከምግቦች አብልጠው ካወሱት «ሰሪድ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። የወይራ ዘይቱንም «አዜይት» ይሉታል፤ አዝ-ዘይት መሆኑ ነው። ሙስሊሞች እ.ኤ.አ. ከ711 በኋላ ምድሩን ይዘው «አል-ገርብ» አሉት፤ የደቡቡ ጫፍ ዛሬም አልጋርቭ ይባላል። በ1249 ፋሮ ተያዘች፣ አገዛዛቸውም አበቃ። ሕዝቡ ግን እዚያው ኖረ፤ እስከ 1496 ድረስ። በዚያ ዓመት ንጉሥ ማኑኤል ሙስሊሞችና አይሁዶች አገሩን እንዲለቁ አወጀ። የሜርቶላ መስጂድ ቤተ ክርስቲያን ሆኗል፤ ሚህራቡ አሁንም ይታያል። አሶርዳውን ግን ያባረረው የለም፤ አባራሪዎቹም በሉት።

«አልዬይራ» የሚባለው ቋሊማ ሌላ ነው። በግድ የተጠመቁ አይሁዶች አሳማ የሚበሉ ለመምሰል ከዶሮና ከዳቦ ሠሩት ይባላል። ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ አሳማ ስለሚገባበት ሳትጠይቁ እንዳትበሉ።