የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግና የማግባባት መብት፦ ዜጎች በሕግ አወጣጥ ሂደት ድምፃቸውን የሚያሰሙበት አግባብ

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 ማንኛውም ሰው ከሌሎች ጋር በመሆን መሣሪያ ሳይዝ በሰላም የመሰብሰብ፣ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግና አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሐሳብን ለመንግሥት ማቅረብና መሣሪያን ማስቀመጥ በአንድ ድንጋጌ የተጣመሩት ያለ ምክንያት አይደለም። የታጠቀ ሰው የሚያቀርበው ጥያቄ የቱንም ያህል ተገቢ ቢሆን ሰሚው የሚያደምጠው በነፃ ፈቃዱ ነው ለማለት ያስቸግራል። ይህ ጽሑፍ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕጉን፣ ሕጉ የሚያስነሣውን ክርክርና ዜጎች በክርክሩ የሚሳተፉበትን ሕጋዊ መንገድ ለማስገንዘብ የተዘጋጀ ነው።

የሕጉ መሠረት

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት የጦር መሣሪያ ስለመያዝ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የፌዴራል መንግሥት ነው። በመሆኑም በሐዋሳ፣ በባሕር ዳርም ሆነ በጅግጅጋ የሚኖር ዜጋ የሚተዳደረው በአንድ ሕግ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን ያጸደቀው በታኅሣሥ ወር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ነበር። አዋጁ ግለሰቦችና ድርጅቶች ሊይዟቸው የሚችሉትንና የተከለከሉትን የመሣሪያ ዓይነቶች ይለያል፤ መሣሪያ መያዝን በፈቃድና በምዝገባ ሥር ያደርጋል፤ በሕገወጥ ዝውውር ላይም እንደ ጥፋቱ ክብደት እስከ 20 ዓመት ሊደርስ የሚችል እስራት ይጥላል። መሣሪያ መያዝ ልማድ በሆነባቸው አካባቢዎች የሚገኙ ባለይዞታዎችም ወደ ሕጋዊ ሥርዓት የሚገቡበትን መንገድ ያመላክታል።

የክርክሩ ጭብጥ

ቁጥጥሩ እንዲጠብቅ የሚሹ ወገኖች መከራከሪያቸው ግልጽ ነው። በዱላ ወይም በድንጋይ ሊያበቃ የሚችል ጠብ ጠብመንጃ ሲገባበት ወደ ጅምላ እልቂት ይለወጣል፤ የኮንትሮባንድ መሣሪያ ንግድም ከግጭት የሚያተርፉ ሰዎችን ይፈጥራል።

በሌላ በኩል በተለይም በገጠር የሚኖሩ ብዙ ዜጎች መሣሪያን የንብረት፣ የከብትና የቤተሰብ መጠበቂያ አድርገው ይመለከቱታል። በአማራ ክልልና በሌሎችም አካባቢዎች ጠብመንጃ ከክብር፣ ከቅርስና ከዓድዋ ትውስታ ጋር ተቆራኝቶ ይኖራል። ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ግን የመተማመን ጥያቄ ነው፦ «ጎረቤቴ ሳያስመዘግብ እኔ ባስመዘግብ፣ እርሱ ሳይፈታ እኔ ብፈታ ማን ይጠብቀኛል?» ይህ ጥያቄ በቅጣት ብቻ አይመለስም። ሕጉ በሁሉም ላይ እኩል መፈጸሙና የጸጥታ አካላት ለሁሉም እኩል መድረሳቸው በተግባር ሲታይ የሚመለስ ነው።

ማግባባት ምንድን ነው?

የማግባባት ሥራ፣ በተለምዶ ሎቢ የሚባለው፣ ሕግ አውጪዎች አንድን ሐሳብ እንዲቀበሉ በማስረጃና በክርክር የማሳመን ተግባር ነው። በአገራችን ራሱን በቻለ አዋጅ የተደራጀ ሙያ ባይሆንም ሕጋዊ መሠረት አለው። ቀድሞ በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ጉዳዮች ላይ እንዳይሠሩ ይከለክል ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ይህን ገደብ በማንሣት ድርጅቶች ሕጎችና ፖሊሲዎች እንዲሻሻሉ ወይም አዲስ እንዲወጡ ሐሳብ እንዲያቀርቡ ፈቅዷል። በሌላ ሕግ ካልተፈቀደ በቀር የውጭ ድርጅቶች የፖለቲካ ፓርቲዎችን የማግባባት ሥራ እንዳይሠሩ ግን ከልክሏል።

ወሰኑም መታወቅ አለበት። ሐሳብን በማስረጃ ማቅረብ መብት ሲሆን፣ ለባለሥልጣን ጥቅም ሰጥቶ ውሳኔ መግዛት ግን በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የሚያስቀጣ ነው። የምክር ቤት አባልም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ ነው።

ከሌሎች አገሮች የሚገኝ ትምህርት

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1871 የተመሠረተው ብሔራዊ የጠብመንጃ ማኅበር በመነሻው የተኩስ ልምምድን የሚያስፋፋ ነበር። በ1975 የማግባባት ክንፉን ካቋቋመ በኋላ በሕግ አወጣጥ ላይ ከፍተኛ ተጽዕኖ አሳድሯል። በ2012 በሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት ከደረሰው ጭፍጨፋ በኋላ የቀረበው የገዢዎችን ማንነት የማጣራት ሐሳብ በቀጣዩ ዓመት በሴኔቱ ሳያልፍ ቀርቷል። ተጎጂዎችና ቤተሰቦቻቸውም ተደራጅተው ሲሞግቱ ቆይተው በ2022 አንድ ሕግ እንዲወጣ አስችለዋል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ የተደራጀ ድምፅ ይሰማል፤ ያልተደራጀው፣ ቁጥሩ ቢበዛም እንኳ፣ ይዘነጋል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ሕግ የማግባባት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች እንዲመዘገቡና ደንበኛቸውን እንዲያሳውቁ የሚያስገድደውም ማን ለማን እንደሚናገር ሕዝቡ ማወቅ ስላለበት ነው።

የሐዋሳ ትውስታ

የሐዋሳ ነዋሪ ሁለቱንም መንገዶች በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ አይቷል። የሲዳማ የክልልነት ጥያቄ ምላሽ በዘገየበት በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በከተማዋና በአካባቢዋ በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ከአራት ወራት በኋላ፣ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ያው ጥያቄ በድምፅ መስጫ ሣጥን ቀርቦ 98.51 በመቶ ድምፅ አግኝቷል። የመሣሪያ ቁጥጥር አዋጁ የጸደቀው ከዚያ ቀን ሁለት ወር ሳይሞላ ነበር። የሲዳማ አባቶች ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ሁሉም ወገን መደመጡን የሚያረጋግጡበት የ«አፊኒ» ሥርዓት መጠሪያውን ያገኘው «ሰማችሁ ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ሕግ አውጪም፣ አቤቱታ አቅራቢም ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ይኸው ነው።

ድምፅን የማሰሚያ መንገዶች

• በምርጫ ክልል ለተመረጠ የምክር ቤት አባል በጽሑፍ ወይም በአካል ሐሳብ ማቅረብ።
• ረቂቅ ሕግ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ሲመራ በሚዘጋጁ የሕዝብ ውይይት መድረኮች መገኘት፤ የሚቀርበውን አስተያየትም በተጨባጭ ማስረጃ ማስደገፍ።
• በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት፣ በሙያ ማኅበር ወይም በአካባቢ ሽማግሌዎች አማካይነት ተደራጅቶ አቋምን ማሳወቅ።
• የሕጉ አፈጻጸም አድልዎ ታይቶበታል የሚል ሰው አቤቱታውን ለሚመለከተው የፖሊስ ተቋም፣ ለእንባ ጠባቂ ተቋም ወይም ለሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ማቅረብ።

ዜጎች የአዋጁን ድንጋጌዎች ሊደግፉም ሊቃወሙም ይችላሉ፤ እንዲሻሻሉም መጠየቅ መብታቸው ነው። እስኪሻሻሉ ድረስ ግን ሕጉን ማክበር የሁሉም ግዴታ ሲሆን፣ ሕጉን በእኩልነት ማስፈጸምና የቀረበለትን ሐሳብ ማድመጥ ደግሞ የመንግሥት ግዴታ ነው።