ሻሪው ማነው?

በልጅነቴ ደብረ ማርቆስ ላይ አዲስ ሹም በመጣ ቁጥር የሠፈራችን ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አደግድገው «ሹመት ያዳብር!» ለማለት ይሄዱ ነበር። ከእነሱ አንዱ አያቴ ነበሩ። ሲመለሱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው «ይኸኛውስ ከወዴት መጣ?» ይላሉ። የትውልድ አገሩን የሚጠይቁ ይመስለኝ ነበር። ማን ላከው፣ ማንንስ ይፈራል ማለታቸው እንደነበር የገባኝ ግን ካደግሁ በኋላ ነው።

ይህን ያስታወሰኝ በቅርቡ ከወዳጆቼ ጋር የገጠምነው ክርክር ነው። ከንቲባንና የፖሊስ አዛዥን የየአካባቢው ሕዝብ በቀጥታ ድምፁ ቢመርጥስ? የሚል ነገር ተነሣ። አንደኛው «ይህ የፈረንጅ ጉዳይ ነው፤ የእኛ ሰው ሹም ይቀበላል እንጂ አይመርጥም» ብሎ ዘጋው። አባባሉ አልዋጥልኝ አለ። የጎጃምን ታሪክ በጥቂቱም ቢሆን ያገላበጠ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም።

እርግጥ ነው፣ ላይኛው ሹመት ምንጊዜም ከላይ ይወርድ ነበር። በ1873 ዓ.ም. የነገሡት፣ መንቆረርን ደብረ ማርቆስ ያሰኙት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሲሾሙና ሲሽሩ ያማከሩት ገበሬ የለም። በርስት አገር የታችኛው ሹመት ግን ሌላ መልክ ነበረው። በብዙ ቦታ ጭቃ ሹምነት በርስተኞቹ ቤተሰቦች መካከል በየዓመቱ የሚዞር ተራ ነበር። ዘንድሮ ግብር ሰብሳቢ የሆነው ሰው ከርሞ ራሱ ግብር ከፋይ ነው። ጎረቤቱን የበደለ እንደሆነ ተራው ደርሶ ያ ጎረቤት እደጁ ይቆማል። ይህን ዴሞክራሲ ነበር ብዬ ላሳምር አልፈልግም፤ ሴቱ፣ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ርስት የሌለው ሁሉ ከተራው ውጭ ነበር። ነገር ግን ሹሙ መውረጃውን ቀን አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

ስለ ፖሊሱም ቢሆን አገሩ ባዶ አልነበረም። ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሲሰወር የአካባቢው ሰው በአውጫጭኝ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ተመላልሶ መቀመጥ ግዴታው ነው። መንግሥት ሲላላ ወይም ጨርሶ ሲጠፋ፣ ለምሳሌ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ዘመን፣ ገበሬው ከመካከሉ የጎበዝ አለቃ ይመርጥ ነበር። መንገድ የሚያስጠብቀው፣ ጠብ የሚያበርደው፣ ሰው የሚያዘምተው እርሱ ነው። በሕዝብ የተመረጠ የፖሊስ አዛዥ ከዚህ ወዲያ ምን ይሆናል? ክፉው ቀን ሲያልፍ ወደ ሞፈሩ ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል። ሁሉም ተመልሷል ግን አልልም፤ ጠመንጃው ጣፍጦት ጫካ የቀረም አለ።

ከነፃነት በኋላ የመጣው አስተዳደር ይህን ሁሉ ወደ ጎን አደረገው። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ ገዥውን ሁሉ የንጉሠ ነገሥቱ ተሿሚ አደረገ። በ1937ቱ የማዘጋጃ ቤት አዋጅ ከንቲባ የሚባል ማዕረግ ለአዲስ አበባና ለጎንደር ሲሰጥ፣ ሌሎቹ ከተሞች የከተማ ሹም ብቻ ደረሳቸው። ሁለቱም ከላይ ተሿሚዎች ናቸው። በ1958 ዓ.ም. አውራጃዎች የተመረጠ ምክር ቤት ይኑራቸው የሚል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ ፓርላማው አላሳለፈውምና ወረቀት ላይ ቀረ።

እንግዲህ ወደ 1960 ዓ.ም. እንምጣ። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ታወጀ። ጎጃሜ አዋጁን የሰማው እንደ ግብር ብቻ አይደለም። ገማች ከመጣ ቀላድ ይከተላል፣ ቀላድ ከመጣ ርስት ይሄዳል ብሎ ነው። በዚያ ላይ ጠቅላይ ግዛቱን የሚያስተዳድሩት ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ በጦር መሣሪያ ምዝገባና በየጊዜው በሚጣለው መዋጮ ምክንያት አስቀድሞ በሕዝቡ ዘንድ ተጠልተው ነበር። ሽማግሌዎች ለአቤቱታ አዲስ አበባ ተመላለሱ። የሚሰማ ሲጠፋ ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት እየተከተሉ ተነሡ፤ ግብር ገማቹ ከገጠር ተባረረ፤ ፖሊስ ተላከ፤ ጦር ተጨመረ፤ በመጨረሻ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ።

ገበሬው ምን ጠየቀ? ንጉሡ ይውረዱ አላለም። ግብሩ ይቅር፣ ሹሙ ይነሡልን ነው ያለው። ነሐሴ ላይ ደጃዝማች ፀሐዩ ተነሡና በምትካቸው ደጃዝማች ደረጀ መኰንን መጡ። አዲሱ ግብር ሳይሰበሰብ ቀረ፤ ኋላም የብዙ ዓመት ውዝፍ ተማረ። ጎጃም አሸነፈ ማለት ይቻላል።

እኔን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ ግን ከዚያ የቀጠለው ነው። ጎጃም በደሙ ያስነሣቸው ሹም ከፋ ጠቅላይ ግዛት ላይ ተሾሙ። የከፋ ሰው «ትቀበላለህን?» ተብሎ ተጠይቆ ነበርን? በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ የጅማ ሕዝብ በተራው እኚሁ ሹም ይነሡልኝ ብሎ አደባባይ ወጣ። አንድን ሹም ለማውረድ ሁለት ጠቅላይ ግዛት መነሣት ነበረበት። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችን ሿሚውም ሻሪውም ከላይ ለሆነበት አገር የተበጀ ነው። ሕዝቡ በተረቱ ውስጥ የሚበላው ብቻ ሆኖ ነው የሚገኘው።

ወዳጄ ይህን ሲሰማ «ታዲያ ቀበሌስ?» አለኝ። ጥያቄው ይገባል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በምርጫ ቆሙ። የራሳቸው ፍርድ ሸንጎ፣ ኋላም የራሳቸው አብዮት ጥበቃ ነበራቸው። ጎረቤት ጎረቤቱን መረጠ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ግን ያው ተመራጭ ጎረቤቱን ሌሊት በር እያንኳኳ ይወስድ ጀመር። በእኛ ሠፈር «ተመራጭ» የሚለው ቃል ለዓመታት ልጅ ማስፈራሪያ ነበር። ምርጫው ነበር፤ የመረጠው ሰው መልሶ የሚያወርድበት መንገድና ከቀበሌው በላይ ሆኖ የሚዳኝ ፍርድ ቤት አልነበረም።

ስለዚህ የፖሊስ አዛዡን በቀጥታ ምርጫ የማድረጉ ነገር ያሰጋኛል። እንግሊዞች ፖሊስን የሚቆጣጠር ኮሚሽነር በሕዝብ ድምፅ ማስመረጥ የጀመሩት በፈረንጆች 2012 ነው፤ ለመጀመሪያው ምርጫ የወጣው ከመቶ መራጭ አሥራ አምስት ያህሉ ብቻ ነበር። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ቀዝቃዛ ምርጫ ቢደረግ የሚያሸንፈው ጠመንጃ ያለው ወገን እንዳይሆን እፈራለሁ። አዛዡን የተመረጠው ምክር ቤት በይፋ ጠይቆና መርምሮ ያጽድቀው፤ እንዲያወርደውም ሥልጣን ይኑረው።

ከንቲባው ግን ሌላ ነው። ውኃውን፣ መብራቱን፣ የቤት መሥሪያ ቦታውን የምንጠይቀው እርሱን ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ለታችኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። በአሠራሩ ግን ከንቲባን የሚሰይመው ምክር ቤት ነው፤ ምክር ቤቱን ደግሞ ፓርቲ ይመራዋል። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 መቀመጫ 137ቱን አሸንፎ፣ ለከንቲባነት የተሰየሙት ሰው ግን ወደ ቢሮ በመግባት ፈንታ ወደ እስር ቤት ገቡ። በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ የነበረው የአካባቢ ምርጫም ተራዘመ። በዚህ መካከል ከንቲባው አያቴ እንደሚሉት ማንን ይፈራል?

እዚያው ሕገ መንግሥት ውስጥ፣ አንቀጽ 12 ላይ፣ ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ማንሣት ይችላል የሚል ቃል አለ። ከንቲባ በቀጥታ ይመረጥ ስል የምይዘው ይህን ቃል ነው። ቀሪው ክርክራችን ቁጥር ላይ ነው፤ ከከተማው መራጭ ስንት እጁ ሲፈርም ከንቲባው ዳግም ለድምፅ ይቅረብ? እኔ አንድ አምስተኛው ይበቃል እላለሁ። ወዳጄ ግማሹ ካልፈረመ ማንም ቂመኛ ከንቲባ ሲያወርድ ይውላል ባይ ነው። ባለፈው ቅዳሜም በዚሁ ጉዳይ ሳንስማማ ተለያየን።