ሆፕስ፣ ኮሶ እና የስማችን ነገር

ሰሞኑን እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ እዚህ ፍራንክፈርት፣ ኒደርራድ ወደሚገኝ አንድ ፋርማሲ ጎራ አልኩ። የሰጡኝ ከሆፕስ አበባና ከቫሌሪያን ሥር የተሠራ ክኒን ነው። አዎ፣ ያው ቢራ የሚያመርረው ሆፕስ! ጀርመኖች ተክሉን ለጠማቂ ብቻ አልተዉትም። ለጭንቀትና ለእንቅልፍ ማጣት ምን ያህል እንደሚወሰድ ጽፈው አስቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የዓመቱ መድኃኒት ተክል ብለው መርጠውታል።

እኔን ግን ያሳሰበኝ የእኛው ኮሶ ነው። ሆፕስ ሐረግ ነው፤ ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው። ይሁንና የሁለቱም መድኃኒት ያለው በሴቴዋ አበባ ላይ ነው። ምሬታቸውም ፍሎሮግሉሲኖል ከሚባል አንድ የኬሚካል መሠረት ይነሳል። በሆፕስ ሁሙሎን ሆኖ ቢራ ያመርራል፤ በኮሶ ኮሶቶክሲን ሆኖ የአንጀት ትል ያሽመደምዳል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ አገራችንን አይቶ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ኮሶ ጻፈ። ዛፉንም በእንግሊዛዊው ጆሴፍ ባንክስ ስም ጠራው። ወዲያው ጀርመናዊው ግሜሊን በኮኒግስበርጉ መድኃኒት ቀማሚ በሃገን ስም «ሃጌኒያ» አለው። ቆይቶ ደግሞ ቁስጥንጥንያ ይሠራ በነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም በብራዬ ስም «ብራዬራ» ተባለ። ከዚህ ከኒደርራድ ብዙም በማይርቀው ዳርምሽታት፣ ሜርክ ከአበባው ኮሲን የተባለ ንጥር አዘጋጅቶ ነበር።

ልብ በሉ! ሦስት ስም፣ ሦስት አውሮፓዊ። አበባውን ለይታ፣ አድርቃና ወቅጣ በባዶ ሆድ ያጠጣችው ኢትዮጵያዊት እናትስ? ስሟ የትም የለም። በአውሮፓ ፋርማሲዎች የተረፈልን «ኮሶ» የሚለው ቃል ብቻ ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የነጮች ብቻ ነው? አይደለም። እኛም በበቂ አልጻፍንም። መጠኑ በእጅ ግምት ስለነበር፣ ከልክ ሲያልፍ ዓይን እስከማጥፋት ደርሷል። ወደ ኮሶ መጠጣት እንመለስ እያልኩ አይደለም፤ ለትሉ ዛሬ የተመጠነ ክኒን አለ። የምለው ሌላ ነው፦ ያልተጻፈ እውቀት የጻፈው ሰው ንብረት ይሆናል። ዛፉም ለጣውላ እየተቆረጠ ነው፤ የሚያውቁት አዛውንቶችም እያለፉ ነው።

ስለዚህ በውጭም በአገር ቤትም ያላችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ ማታ ለእናቶቻችሁ ደውሉ። የትኛው ቅጠል፣ ለምን፣ ምን ያህል ብላችሁ ጠይቁ። የነገሯችሁንም ከነስማቸው ጻፉት።

ቸር እንሰንብት።