ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለሚጓዙ፦ የቱሪስት፣ የዑምራና የሐጅ ቪዛ ልዩነት እና የመግቢያ መስፈርቶች

ዋሽንግተን ወይም ለንደን የሚኖር አንድ ወንድም ዑምራ ለማድረግ ሲነሳ ስልኩ ላይ ቅጽ ይሞላል፣ በካርድ ይከፍላል፣ ብዙም ሳይቆይ ቪዛው በኢሜይል ይደርሰዋል። ደሴ ወይም ጅማ ያሉ እናቱ አብረውት እንዲሄዱ ሲፈልግ ግን ያው ድረ ገጽ ኢትዮጵያን ከአገሮቹ ዝርዝር ውስጥ አያመጣለትም። ብዙ ቤተሰብ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። «ግድ የለም፣ በሌላ ቪዛ እናስገባቸዋለን» የሚል ደላላም የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ሳዑዲ የሚያስገባ ቪዛ ሁሉ ሐጅ አያስደርግም። ለልጁ የሚፈቀደው መንገድ ደግሞ ለእናቱ ላይፈቀድ ይችላል። ከዚህ በታች እያንዳንዱ ቪዛ ለማን እንደሚሰጥ፣ ምን እንደሚፈቅድና ምን እንደሚከለክል እናያለን።

የቱሪስት ቪዛ

ሳዑዲ ዓረቢያ በኢንተርኔት የሚገኝ የቱሪስት ቪዛ የጀመረችው እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 2019 ሲሆን፣ ያኔ የተፈቀደው ለ49 አገሮች ዜጎች ነበር። ከዚያ በፊት የውጭ አገር ሰው በአብዛኛው የሚገባው ለሐጅ፣ ለዑምራ፣ ለሥራ፣ ለንግድ ወይም ቤተሰብ ለመጠየቅ ነበር። ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ቢሰፋም የኢትዮጵያ ፓስፖርት አልተካተተበትም። ይህ ቪዛ ለተፈቀደላቸው ዜጎች ብዙውን ጊዜ ለአንድ ዓመት የሚያገለግል፣ ደጋግሞ የሚያስገባና በድምሩ እስከ 90 ቀን የሚያስቆይ ነው። የጤና መድን ክፍያም አብሮ ይታሰባል። ከሐጅ ወቅት ውጭ ሙስሊም ጎብኚ በዚሁ ቪዛ ዑምራ ማድረግ ይችላል፤ ፈቃዱን ግን በኑሱክ መተግበሪያ መያዝ አለበት። መዲና ውስጥ ረውዳ ገብቶ ለመስገድም ቀጠሮ የሚያዘው በዚሁ መተግበሪያ ነው።

ታዲያ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በዚህ መንገድ ፈጽሞ አይሄድም ማለት አይደለም። በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ ወይም በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ኢትዮጵያዊ ማመልከት ይችላል። የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ ወይም የሸንገን ቪዛ ያለውም እንዲሁ ይችላል፤ ነገር ግን ቪዛው ያልተቃጠለ መሆን አለበት፣ በዚያ ቪዛም ቢያንስ አንድ ጊዜ ወደ ሰጠው አገር ገብቶ መሆን አለበት። ትናንት የተመታና ገና ያልተሠራበት ቪዛ አይበቃም። ሦስተኛው መንገድ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ነው። ዱባይ፣ ዶሃ ወይም ኩዌት ሕጋዊ መኖሪያ ያለው ሰው በዚያ ኢቃማው ማመልከት ይችላል። በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ እህቶች ግን ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት የራሳቸውን የኢቃማ ዓይነት ጠቅሰው ቢጠይቁ ይሻላል፤ የሁሉም ሁኔታ አንድ አይደለም።

ትውልደ ኢትዮጵያውያን አንዳንዴ የሚጠይቁት ጥያቄ አለ። የትውልደ ኢትዮጵያዊነት መታወቂያ፣ በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» የሚባለው፣ ለሳዑዲ ቪዛ አይጠቅምም፣ አይጎዳምም። የሚታየው የያዙት ፓስፖርት የየት አገር እንደሆነ ብቻ ነው።

ከእነዚህ መንገዶች አንዱም የሌለው ኢትዮጵያዊ ለጉብኝት የሚያመለክተው በኤምባሲው በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ14 አገሮች ዜጎች ደጋግሞ የሚያስገባው የአንድ ዓመት የጉብኝት ቪዛ ቆሞ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባና ለ30 ቀን በሚያስቆይ ቪዛ መተካቱ መዘገቡ ይታወሳል። ምክንያቱ ተብሎ የተነገረውም ብዙዎች በጉብኝት ቪዛ ገብተው ያለ ፈቃድ ሐጅ ለማድረግ መቅረታቸው ነው። ስለዚህ የዛሬ ሁለትና ሦስት ዓመት የሄደ ዘመድ ምክር ዛሬ ላይሠራ ይችላል።

በሳዑዲ አየር መንገድ ወይም በፍላይናስ ተሳፍሮ ወደ ሦስተኛ አገር የሚያልፍ መንገደኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ እስከ 96 ሰዓት የሚያስቆይ የመሸጋገሪያ ቪዛ መጠየቅ ይችላል። በእነዚያ አራት ቀናት ዑምራ ማድረግም ይፈቀዳል። ሆኖም ማመልከቻው ውድቅ ሊሆን ስለሚችል ቪዛው ሳይወጣ ሆቴል ከፍሎ መያዝ አይመከርም።

የዑምራ ቪዛ

ከአገር ቤት የሚነሳ አብዛኛው ሰው የሚሄደው በዚህ ነው። የሚወጣው ሳዑዲ ውስጥ ፈቃድ ካለው የዑምራ ድርጅት ጋር በሚሠራ የጉዞ ወኪል በኩል ሲሆን፣ ማረፊያው፣ መጓጓዣውና የጤና መድኑ አብረው ይያዛሉ። የቆይታው ጣሪያ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ30 ቀን ወደ 90 ቀን ከፍ ብሏል። የዑምራ ቪዛ የያዘ ሰው ከመካና ከመዲና ውጭ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ከተሞች መሄድም ተፈቅዶለታል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሰዎችን ያሳስታል። አንደኛ፣ ቪዛው ላይ ያሉት ቀኖች ሁለት ናቸው፦ እስከ መቼ መግባት እንደሚቻልና ከገቡ በኋላ ስንት ቀን መቆየት እንደሚቻል። አንዱን ለሌላው አድርጎ ያነበበ ሰው ወይ ሳይሄድ ይቃጠልበታል፣ ወይ ከገባ በኋላ ቀኑ ያልፍበታል። ሁለተኛው ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል። «90 ቀን አለኝ» የሚለው ቆይታ የሐጅ ወቅት ሲደርስ ይቆረጣል። በ1446 ዓመተ ሒጅራ የዑምራ መንገደኞች የሚገቡበት የመጨረሻ ቀን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 13 ቀን 2025 ሆኖ፣ ሁሉም ከአገሪቱ እንዲወጡ የተወሰነው ደግሞ ሚያዝያ 29 ነበር። በመጨረሻው ቀን የገባ ሰው የቀረው 16 ቀን ብቻ ነበር ማለት ነው። ከረመዳን በኋላ የሚሄድ ሁሉ የመመለሻ ትኬቱን ከመቁረጡ በፊት የዚያን ዓመት የመውጫ ቀን መጠየቅ አለበት።

የዑምራ ቪዛ ሥራ አያሠራም። «በዑምራ ግቢ፣ እዚያ ሥራ ይገኝልሻል» የሚባሉ እህቶች አሉ። የሥራ ውል የላቸውም፣ ኢቃማ የላቸውም፣ ደሞዝ ቢከለከሉ ወይም ቢጎዱ የሚከሱበት ወረቀት የላቸውም፤ ሲያዙም እስርና መባረር ይጠብቃቸዋል፣ አሻራቸው ስለተወሰደም ሌላ ጊዜ በሕጋዊ መንገድ ለመግባት ይቸገራሉ። ለሥራ የሚሄድ በሥራ ቪዛ ይሂድ።

ሐጅ በሐጅ ቪዛ ብቻ

እ.ኤ.አ. በ2024 (1445 ዓ.ሒ.) ሐጅ ወቅት በመስጂደል ሐረም አካባቢ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር። የሳዑዲ መንግሥት ይፋ ባደረገው አኃዝ 1,301 ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ 83 በመቶ የሚሆኑት የሐጅ ፈቃድ ያልነበራቸውና ረጅም መንገድ በፀሐይ በእግራቸው የሄዱ ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው።

ፈቃድ የሌለው ሰው ለምን ይበልጥ ይጎዳል? ሚና ውስጥ ስሙ የተጻፈበት ድንኳን የለውም። ዐረፋ ላይ ጥላ የለውም። ከሚና ወደ ዐረፋ፣ ከዐረፋ ወደ ሙዝደሊፋ የሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ ቦታ የለውም። ፍተሻ ስለሚፈራ ዋናውን መንገድ ትቶ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል፣ ሲደክመውም ወደ ሕክምና ጣቢያ ለመቅረብ ያመነታል። ይህ ሁሉ የስልሳና የሰባ ዓመት እናት ላይ ሲደርስ ማሰብ ነው። ልጆቻቸው ይህን የሚያደርጉት ክፉ አስበው አይደለም፤ የሐጅ ዋጋው ከበደ፣ የእናት ዕድሜ ገፋ፣ ደላላውም «በዚያራ ቪዛ ገብተው ሐጅ አድርገው ይመለሳሉ» አለ። ዋጋው የቀነሰው ግን ድንኳኑ፣ አውቶቡሱና ሕክምናው ስለቀረ ነው።

ቅጣቱም ጠንክሯል። በ1446 ዓ.ሒ. በወጣው ደንብ መሠረት ያለ ፈቃድ ሐጅ ለማድረግ የሞከረ ወይም በጉብኝት ቪዛ በተከለከለው ወቅት መካ የገባ ወይም የቆየ እስከ 20,000 ሪያል ይቀጣል፤ ይህ ከ5,300 ዶላር በላይ ነው። እንዲህ ላለ ሰው የጉብኝት ቪዛ ያስወጣ፣ ያጓጓዘ ወይም ያስጠለለ ደግሞ እስከ 100,000 ሪያል ሊቀጣ ይችላል። ያለ ፈቃድ ሐጅ ለማድረግ ሞክሮ የተያዘ የውጭ ዜጋ ተባርሮ ለ10 ዓመት እንዳይገባ ይታገዳል። ጅዳ ያለ ዘመድ እናቱን በፍቅር ቤቱ ቢያሳድር እሱም ከዚህ አይድንም።

በዲን በኩልም ጉዳዩ ተነግሮበታል። የሳዑዲ የታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2024 ባወጣው መግለጫ ያለ ፈቃድ ሐጅ መሄድ እንደማይፈቀድና ይህን ያደረገ ኃጢአተኛ እንደሚሆን ገልጿል። ሐጅ ግዴታ የሚሆነው ለቻለ ሰው መሆኑ የታወቀ ነው።

በኢትዮጵያ የሐጅ ምዝገባ የሚካሄደው በኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት (መጅሊስ) በኩል ነው። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በአውስትራሊያ የሚኖሩ ደግሞ በኑሱክ ሐጅ ድረ ገጽ ራሳቸው ተመዝግበው ይከፍላሉ። ስለዚህ ዋሽንግተን ያለው ልጅና ደሴ ያሉት እናት ሐጅ ላይ መካ ሊገናኙ ቢችሉም የሚመዘገቡት በየራሳቸው በር ነው።

ቪዛውን ራስዎ ያንብቡት

ቁርኣን የቀራ ሰው ቪዛው ላይ የተጻፈውን ለመለየት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። የቪዛው ዓይነት በዓረብኛ ተጽፏል፦ «ሐጅ»፣ «ዑምራ»፣ «ዚያራ» (ጉብኝት)፣ «ሲያሓ» (ቱሪስት)፣ «ሙሩር» (መሸጋገሪያ)፣ «ዓመል» (ሥራ)። ወኪሉ በአፉ «ሐጅ ነው» ብሎ ወረቀቱ «ዚያራ» የሚል ከሆነ የሚሠራው ወረቀቱ ነው። ቀሪውን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የቪዛውን ቅጂ ይጠይቁ፤ ላለማሳየት ሰበብ የሚያበዛ ወኪል ካጋጠመዎ እዚያው ያቁሙ።

ፓስፖርቱ ከጉዞው ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቆይ መሆን አለበት። የስም አጻጻፍም ከባድ ጣጣ አለው። መሐመድ፣ ዐብዱረሕማን፣ ፋጡማ የሚሉት ስሞች በላቲን ፊደል በየመዝገቡ በተለያየ መንገድ ይጻፋሉ፤ መሐመድ ብቻ አንዱ ጋ በሁለት «ኤም»፣ ሌላው ጋ በአንድ ይገኛል። ትኬቱ፣ ቪዛው፣ የክትባት ደብተሩና የኑሱክ ምዝገባው ሁሉ ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ቅደም ተከተሉን ሳይለቅ ይሞላ። ስህተቱ የሚታረመው ከቤት ሳይወጡ ነው፤ ቦሌ ሲደርሱ ጊዜ የለም።

ሴቶች ያለ መሕረም መሄድን በተመለከተ የሳዑዲ የሐጅና ዑምራ ሚኒስትር እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2022 መሕረም ለመግቢያ ግዴታ እንዳልሆነ አስታውቀዋል። ይህ የመግቢያ ደንብ ነው። በሸሪዓው በኩል ዑለማዎች የተለያየ አቋም ስላላቸው እህቶች የሚያምኑበትን ዓሊም ይጠይቁ።

ክትባት

ለዑምራም ለሐጅም የማጅራት ገትር (ኤሲደብሊውዋይ የሚባለው ባለ አራት ዓይነት) ክትባት ግዴታ ነው። ከመድረሻው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት፤ እንደ ክትባቱ ዓይነት ለ3 ወይም ለ5 ዓመት ያገለግላል፣ ስለዚህ ዓይነቱ ደብተሩ ላይ እንዲጻፍ ያሳስቡ። ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ደብተርም ይጠየቃል። ይህም የሚጸናው ከተወጉ 10 ቀን በኋላ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ወዲህ በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ መሠረት አንዴ የተወጉት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። የድሮ ደብተር ያለው ሰው «ዐሥር ዓመቱ አልፏል» ተብሎ ድጋሚ መወጋት የለበትም። እንደ ዓመቱ ሁኔታ የፖሊዮ ክትባትም ሊጠየቅ ይችላል። ቪዛው በሦስት ቀን ቢወጣ እንኳ 10 ቀኑን የሚያሳጥር የለም፤ ክትባቱ ይቅደም።

ሻንጣ

ጫት በሳዑዲ ሕግ የተከለከለ ነው። ጥቂት ናት፣ ለራሴ ናት የሚለው አያድንም። የስኳር፣ የደም ግፊትና የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት የሚወስዱ ከነማሸጊያው፣ ከሐኪም ማዘዣው ጋር፣ ለጉዞው የሚበቃውን ያህል ይያዙ፤ እንደ ትራማዶል ያሉ መድኃኒቶች እዚያ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ናቸው። ከተወሰነ መጠን በላይ የሚያወጣ ጥሬ ገንዘብ፣ ወርቅ ወይም ጌጥ የያዘ ሰው ለጉምሩክ ማሳወቅ አለበት፤ ከኢትዮጵያ ሲወጡ የሚፈቀደው የውጭ ምንዛሪ መጠን ደግሞ ለብቻው አለ፣ ከባንክዎ ይጠይቁ።

ኤርፖርት ላይ «ይህችን ለእህቴ አድርሱልኝ» ብሎ ጥቅል የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። አዛውንቶች እምቢ ማለት ስለሚከብዳቸው የሚመረጡትም እነሱ ናቸው። ሻንጣው ውስጥ በተገኘው ነገር የሚጠየቀው ባለ ሻንጣው ነው፤ በሳዑዲ የአደንዛዥ ዕፅ ቅጣት እስከ ሞት ይደርሳል። ወላጆችዎን ሲሸኙ ሻንጣቸውን አብረዋቸው ያሰናዱ፣ ይቆልፉ፣ ከሰው ምንም እንዳይቀበሉም ደጋግመው ይንገሯቸው።