የናፍጣ ሞተርና የፍሬን ቫኩም

የቤልጅጉ መሐንዲስ አልበርት ዴዋንድር የፈለሰፈውን በቫኩም የሚታገዝ ፍሬን የቦሽ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ነበር። ዘዴው እግርን የሚያግዘው በዲያፍራሙ አንድ ገጽ ባለው የከባቢ አየር ግፊትና በሌላው ገጽ ባለው ቫኩም ልዩነት ነው። የቤንዚን ሞተር የአየር መግቢያው በቫልቭ ስለሚጠብ ቫኩሙን ከራሱ ያገኛል፤ አየርን ያለ ገደብ የሚስበው የናፍጣ ሞተር ግን ይህ ጸጋ የለውም። ስለሆነም የቮልስዋገን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ለትራንስፖርተር ቫን በመደበው የናፍጣ ሞተር ላይ፣ በእኅት የቤንዚን ሞተሩ ዲስትሪቢዩተር በሚቀመጥበት ስፍራ የቫኩም ፓምፕ ተተከለ።

እንግዲህ ፔዳል ሲደነድን ምርመራው ከምንጩ ይጀምራል። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ ይረገጣል፤ እንደተረገጠ ሞተሩ ሲነሣ ጥቂት ዝቅ ካላለ እገዛው ጠፍቷል። ቀጥሎ በፓምፑ ላይ መለኪያ ይገጠማል፤ ፓምፑ በሚገባ ከሳበ ጥፋቱ በቱቦው፣ አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፈው ቫልቭ ወይም በዲያፍራሙ ይፈለጋል።

በባሕር ጠለል 1013 ሚሊባር የሆነው የአየር ግፊት በአዲስ አበባ ከፍታ ወደ ሦስት አራተኛው ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ ለባሕር ጠለል በተጻፈ ልኬት ደኅናውን ፓምፕ መኰነን ስሕተት ነው፤ ያረጀውን ፓምፕ በከፍታው አሳብቦ ማለፍ ግን በእንጦጦ ቁልቁለት ሕይወት ያስከፍላል።